በተረከዝ የተለካች እህት

ሰፈሩ «ዶክተር ተረከዝ» ይላታል። ሱቋ በመድኃኒት ቤቱና በፎቶ ቤቱ መሃል የተሰነቀረች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ እጁን የማይዘረጋባት ጠባብ ክፍል ናት። ከጣሪያ እስከ ወለል በተደረደሩት መደርደሪያዎች ላይ ጫማዎቹ አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳ፣ ተረከዛቸውን ወደ ሰው አዙረው ይቀመጣሉ። አንዱ ገብቶ «ምነው ጀርባቸውን ሰጡን?» ቢላት መልሷ ዝግጁ ነው፤ «ፊት ይዋሻል ወንድሜ። ተረከዝ ግን አልተማረም፤ ያየውን ነው የሚናገረው።»

እውነትም ታነባለች። ጫማውን ገልብጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታስጠጋና አውራ ጣቷን በሶሉ ላይ ታሳልፋለች። «ይሄ ሰውዬ ደረጃ ሲወጣ ይቸኩላል፣ ሲወርድ ይፈራል» ትላለች። «ይቺ ልጅ ከባድ ቦርሳዋን በግራ ትከሻዋ ብቻ ነው የምትይዘው።» አንድ ቀን ለባልዋ ጫማ ሶል ልታስቀይር የመጣች ጎረቤት ፊት ጫማውን አገላብጣ፣ «ባለቤትሽ አሁንም ኳስ ይጫወታል ማለት ነው?» አለቻት።

«ኳስ? ወገቤን እያለ ባልዲ አያነሳልኝም!»

«እንግዲህ እኔ አላልኩም፤ ጫማው ነው ያለው።»

በዚያ ቤት የዚያን ምሽት ምን እንደተባለ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ባልዲውን ግን ከዚያ ወዲህ የሚያነሳው እሱ ነው።

ሥራ ሲበዛባት ታንጎራጉራለች። ወስፌው ቆዳውን ሲበሳ፣ በሰም የታሸው ክር ሲከተለው፣ ከንፈሯ እምብዛም ሳይከፈት በጉሮሮዋ የሚወርድ አንድ ስንኝ አላት፦

መንገድ አፍ የለውም፣ ሰውን አይጠራ፣
የሄዱበትን ግን ተረከዝ አወራ።

የሚሰማት ሁሉ ለሥራዋ ያወጣችው ዘፈን ይመስለዋል። እሷ ግን ስታንጎራጉር የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመደርደሪያው ጀርባ በምስማር ላይ የተሰቀለውን ካርቶን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክተር ተረከዝ ተገኝታ ያደገች ልጅ ናት። ከአርባ አንድ ዓመት በፊት በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ታጥቦ የደረቀ አንሶላ በሞላበት ባለ ጎማ ቅርጫት ውስጥ ተኝታ ተገኘች። ያገኟት የክፍሉ አጣቢ ናቸው። አነሷት፣ ወሰዷት፣ አሳደጓት፤ እናቷ ሆኑ። ነገሩንም ደብቀዋት አያውቁም። ገና ፊደል ሳትቆጥር ጀምሮ «ሌሎቹ እናቶች የመጣላቸውን ነው የተቀበሉት፤ እኔ ግን አይቼ፣ አገላብጬ፣ ወድጄ ነው ያነሳሁሽ» እያሉ ነው ያሳደጓት። ትምህርት ቤት አንዱ «የተጣለች!» ብሎ ቢሰድባት፣ «የተመረጠች በል! አንተን እናትህ ሳታይህ ነው የወሰደችህ» ብላ አፉን አስያዘችው።

ሆኖም የሰው ልብ በሞቀ ቤት ውስጥም መስኮት ይከፍታል። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ጫማ ሥራ ልትማር ጋሼ መዶሻ ከሚባሉት ሽማግሌ ዘንድ ስትገባ፣ እሳቸው መጀመሪያ ያደረጉት የራሷን ጫማ አስወልቀው መገልበጥ ነበር። ትንሽ አዩና አፏጩ።

«እንዴ! የግራሽ ታኮ በውጭ በኩል ብቻ ነው የሚያልቀው። የቀኝሽ ሶል ደግሞ አውራ ጣትሽ ሥር። እንዲህ ያለ አረማመድ በሃምሳ ዓመት ሥራዬ አላየሁም።»

«በሽታ ነው ጋሼ?»

«የምን በሽታ! ዘር ነው እንጂ። መልክ ከእናት ይመጣል፣ ከአባት ይመጣል፣ ይጠፋል። አረማመድ ግን አይጠፋም። እኔ ይኸው እስከ ዛሬ የአባቴን ታኮ ነው የምጨርሰው።»

ለሽማግሌው እንደ ቀልድ ያለፈች ቃል ናት፤ ለልጅቷ ግን ካርታ ሆነች። በነጋታው ያለቀውን የጫማዋን ሥር ካርቶን ላይ አስቀምጣ፣ በእርሳስ ዞራ፣ የተበላውን ቦታ በቢላ ቆርጣ አወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጇ የገባውን ጫማ ሁሉ፣ ባለቤቱ ዘወር ሲል፣ በዚያ ካርቶን ለካችው። የአስተማሪ ጫማ፣ የነርስ ጫማ፣ የዳኛ ጫማ፣ የግንበኛ ጫማ። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ እግር እንዳለፈ የሚቆጥረው አንድዬ ነው። አንዱም አልገጠመም። ይህን ሁሉ ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም። «ምን ጎደለብሽ ትለኛለች» እያለች፣ ፍለጋዋን ሱቅ ውስጥ ቆልፋ ባዶ እጇን ነበር ወደ ቤት የምትገባው።

የቅርጫቱን ታሪክ ሰፈሩ ስለሚያውቀው ዘመድ ነኝ ባይም አልጠፋ። አንዱ አራት ጥንድ ጫማ በከረጢት ተሸክሞ «አጎትሽ ነኝ» ብሎ መጣ። ካርቶኑን አውጥታ ለካችው። «አጎቴ ብትሆንም ኖሮ ተራህን ትጠብቅ ነበር» አለችና ከሰልፉ ጫፍ አቆመችው። እሷ ካርቶኑን የምታምነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ካርቶን አይባባም፣ አይሸነገልም።

ታዲያ ከአራት ወር በፊት፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ሰማያዊ የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት ወደ ሱቁ ገባች። ዕድሜዋ አርባ አምስት ገደማ ይሆናል። የቀኝ እጇ ጣቶች በማህተም ቀለም ወይን ጠጅ መስለዋል። አንድ እግሩን በካልሲ አንጠልጥሎ ጫማው እስኪሰፋ የሚጠብቅ ደንበኛ ስለነበር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ፈቃድ የጠየቅኩት ለአንድ ሰዓት ስለሆነ ነገር አላረዝምም። እናቴ በቅርቡ አረፈች። ከማረፏ በፊት አንድ ነገር ነግራኛለች። ከእኔ ቀጥላ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ከቆሻሻው ሳይሆን ከታጠበው ቅርጫት፣ ገና ትኩስ አንሶላ ላይ…»

«ይህንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል እመቤት» አለች ዶክተር ተረከዝ፣ ከመዶሻዋ ቀና ሳትል። ልቧ ግን ቀና ብሎ ነበር። «ይቅርታ፣ ጫማሽን አውልቂ።»

«ምን አልሽኝ?»

«ጫማሽን። የማውቅበት መንገድ አለኝ።»

ሴትዮዋ ደንበኛውን አየች፣ ወለሉን አየች፣ ጎንበስ ብላ አወለቀች። ጥቁር፣ ዝቅ ያለ ጫማ ነው። ዶክተር ተረከዝ ገለበጠችው። ሶሉ ደልዳላ፣ ታኮው ትናንት የተመታ የሚመስል፣ አንድም ቦታ ያልተበላ። ካርቶኑን አስጠጋች። አልገጠመም።

«አዝናለሁ» አለች። «እኔና አንቺ አንድ ዘር አይደለንም።»

መቀመጫ ስላልነበረ ሴትዮዋ ግድግዳውን ይዛ በአንድ እግሯ ቆማ ጫማዋን አጠለቀች። «እህት በጫማ እንደምትለካ አላውቅም ነበር» አለች። «ሐሳብሽ ቢለወጥ ሦስተኛው መስኮት ላይ ነኝ።» ወጣች። ባለ አንድ ጫማው ደንበኛ ጉሮሮውን ጠራረገና «እኔ እንኳ ዘመድሽ አይደለሁም» አለ። ዶክተር ተረከዝ አልሳቀችም።

አራት ወር አለፈ። የእናቷ ዳሌ ሲያማቸው ከርሞ ወደ አጥንት ሐኪም ሄዱና አንድ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ልጃቸው ለምሳ ቤት ገብታ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉላት።

«የግራ ጫማዎን በውጭ በኩል አንድ ጣት ያህል ያስነሱ፤ ለጫማ ሠሪ ይስጡ አለኝ። አሁን እኔ ጫማ ሠሪ ከየት አባቴ ላምጣ?»

«ጠይቂ፣ አይጠፋም» አለችና ሳቀች። «በይ አምጪው።»

አሮጊቷ ጥቁሩን የቆዳ ጫማቸውን ከአልጋ ሥር አወጡ። ጡረታ የወጡ ጊዜ ራሷ ልጃቸው በእጇ የሰፋችላቸው ነው። ከዚያ በፊት ዕድሜያቸውን ሁሉ በማጠቢያው ክፍል የጎማ ቦት፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ነበር የሚያደርጉት፤ ሲያልቅ የሚጣል እንጂ የሚጠገን አይደለም። ይህኛውም ስፌቱ የልብ ስለነበር ለጥገና ተመልሶ አያውቅም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንደሚባለው፣ የሺህ ሰው ጫማ የገለበጠች ልጅ የእናቷን ጫማ ገልብጣ አታውቅም ነበር።

ገለበጠችው። የግራው ታኮ በውጭ በኩል ተበልቷል። የቀኙ ሶል አውራ ጣት ሥር ሳስቷል።

ምሳዋን ትታ ተነሳች፤ ወደ ሱቋ ሮጠች፤ ካርቶኑን ከምስማሩ ነቅላ ተመለሰች። እናቷ ማንኪያቸውን እንደያዙ ያዩዋታል። ካርቶኑን ከጫማው ሥር ለጠፈችው። ክዳን ድስቱ ላይ እንደሚያርፍ አረፈ።

«እማዬ» አለች። «ይሄ አረማመድሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

አሮጊቷ ማንኪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አንቺ ሳትመጪ፣ የሳሙና ውሃ ላይ ወደቅሁ። ዳሌዬ ተሰነጠቀ። የሚያነክስ ሰው ደግሞ ከዚያ ክፍል ይሰናበት ነበር። ስለዚህ ማንከሴን ደበቅሁት። ክብደቴን ወደ ግራ ወርወር፣ በቀኝ አውራ ጣቴ ገፋ አደርግ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አነከሰች ብሎ የሚመሰክርብኝ ሰው አልተገኘም።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ጣቴን ይዘሽ አይደል እግር የተከልሽው? እኔ ወደ ግራ ስል ወደ ግራ፣ እኔ ስገፋ ስትገፊ። ከኋላ እያየሁሽ ጉድ እል ነበር። ታድጋለች፣ ይተዋታል ስል ይኸው አርባ ደፈንሽ። ግን ምንድን ነው ይሄ ካርቶን?»

ያኔ ሁሉንም ነገረቻቸው። የጋሼ መዶሻን ቃል፣ የሃያ አምስት ዓመቱን ልክ፣ ሱቅ ቆልፋበት የምትመጣውን ፍለጋ። አንገቷን ደፍታ ነበር የምትናገረው። ስትጨርስ የሰማችው ልቅሶ ሳይሆን ሳቅ ነው። አሮጊቷ ዳሌያቸውን ይዘው እየሳቁ ነበር።

«ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እኔን ስትፈልጊ ነበር በይኛ! አይ ልጄ! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት እንዲህ ነው። ብትነግሪኝ እኮ ቆሜ እለካልሽ ነበር።»

ልጅቷም ሳቀች፤ በሳቋ መሃል ግን ቀጥ አለች። ሰማያዊ የደንብ ልብስ ታያት። ግድግዳ ይዛ በአንድ እግሯ የቆመች ሴት ታየቻት።

«እማዬ፣ አንዲት ሴት አባርሬያለሁ። እህትሽ ነኝ ብላ መጥታ ነበር።»

«በምን አባረርሻት?»

«ታኮዋ አልተበላም ብዬ።»

«ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ትኬት ቆራጭ።»

አሮጊቷ ልጃቸውን ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። «ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምትውል ሴት ጫማዋ በምን ይለቅ? በቂጧ አትሄድ! እኔ ምን ብዬ ነው ያሳደግኩሽ? እንግዳ ሲመጣ ወንበር ይሳባል እንጂ ጫማ ይወለቃል?» ከዚያ ድምፃቸው ለሰስ አለ። «ቅር ይለኛል ብለሽ ደበቅሽኝ፤ አይለኝም። ያቺ የወለደችሽ ባታስቀምጥሽ እኔ ማንን አነሳ ነበር? በይ ጫማዬን ሥሪልኝ፤ አብረን እንሄዳለን።»

ሠራችው። ሦስት ንብርብር ቆዳ ቆርጣ በማስቲሽ አጣበቀች፤ እስኪይዝ በጉልበቷ ተጫነችው፤ በምስማር መታችው፤ ጠርዙን ሞረደችው። በሃያ አምስት ዓመት እንደዚያ ቀን በጥንቃቄ የሠራችው ጫማ የለም። የተረፈውን ቁራጭ ቆዳና ካርቶኑን አንድ ላይ ጠቅልላ ከቆሻሻው ጣለች። እናቷ ጫማውን አድርገው ክፍሉን አንዴ ዞሩት። «መሬቱን አስተካከሉት እንዴ?» አሉ።

መናኸሪያው በጡሩንባና በጥሪ ይናወጣል። ሦስተኛው መስኮት ላይ መነጽር ያደረገ ወጣት ተቀምጧል። ዶክተር ተረከዝ ስለ ሴትዮዋ ጠየቀችው። «እሷማ ወደ ሰባተኛው ተዛውራለች፤ ረጅሙ ሰልፍ ያለበት» አላት። ሄደው ተሰለፉ። ለእናቷ ቦታ የሚለቅ ሞልቶ ነበር፤ እሳቸው ግን «ቆሜ ልሂድ፤ አዲስ እግር አውጥቻለሁ» እያሉ እምቢ አሉ። ሰልፉ ቀስ እያለ ተጠጋ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ሴትዮዋ ቀና ሳትል ማህተሟን አነሳች።

«ወዴት?»

«የትም አልሄድም። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ከኋላ አንዱ፣ «የይቅርታ መስኮት በዚያ በኩል ነው እመቤት! እዚህ ትኬት ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰልፉ ሳቀ።

ሴትዮዋ ቀና አለች። «ዛሬስ ጫማዬን ላውልቅ?»

«እኔ ላውልቅልሽ ከፈለግሽ፤ እዚሁ ሰው ፊት። ካርቶኑን ጥዬዋለሁ። ልኩ የእኔም አልነበረም።»

ሴትዮዋ ዞራ ከጎኗ ያለውን ባልደረባዋን «አሥር ደቂቃ ያዝልኝ» አለችና የጎኑን በር ከፈተች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ የትኬት ጥቅልሎች፣ አንድ ማራገቢያ፣ አንድ ወንበር። ወንበሩን ለአሮጊቷ ሳበችላቸው። እሳቸውም ተቀመጡና ወደ ነገሩ ገቡ።

«ልጄ፣ ያነሳኋት እኔ ነኝ። ቅርጫቱን ሰፈሩ ያውቀዋል። እስቲ ሰፈሩ የማያውቀውን ንገሪኝ።»

«እናቴ አስቀምጣት ወዲያው አልሄደችም» አለች ትኬት ቆራጯ። «በሩ ጀርባ ቆማ ጠበቀች። ማሽኖቹ ቆመው ስለነበር ኮቴ ይሰማ ነበር። አንዲት ሴት እየዘፈነች መጣች። ዘፈኑን ስሰማ እግሬ ተፈታልኝ፤ እንዲህ የምትዘፍን ሴት ልጅ ጥላ አትሄድም ብዬ ወጣሁ ነው ያለችኝ። ልጅ ሆኜ በዚያ ዘፈን ነበር የምታስተኛኝ። የአንሶላ ዘፈን ምን ያደርግልኛል እያልኩ እነጫነጭ ነበር።»

«በይው» አሉ አሮጊቷ።

በማራገቢያው ሹክሹክታ ሥር፣ እንዳይሰማባት እየፈራች አዜመችው፦

ነጭ አንሶላ አጠብኩ፣ ነጭ አንሶላ አጠፍኩ፣
ለማላውቀው እንቅልፍ ሙቀቴን አካፈልኩ።

አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «የእኔ ነው» አሉ። «ራሴ ነኝ ያወጣሁት። ሰው ፊት ዘፍኜው አላውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህም አልደገምኩት፤ ልጅ ይዞ ስለ አንሶላ ማን ይዘፍናል?»

ዶክተር ተረከዝ በግድግዳው ተደገፈች። ከእንግዲህ የሚለካ ነገር አልነበረም። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፤ እሱንም አልሸሸችውም።

«እኔን ለምን?»

«ሁለት ነበርን» አለች ትኬት ቆራጯ። «ተቀጥራ የምታድርበት ቤት ከነአንድ ልጅሽ እንጂ ከነሁለት አንቀበልም አሏት። እኔ አራት ዓመቴ ነበር። ሕፃኗን ሰው አይቶ ያነሳታል፣ አንቺን ግን ማንም አያነሳሽም ብዬ ነው አለችኝ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ የሰው ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ያን ቀንም የመጣሁት ይህንኑ ልነግርሽ ነበር።»

«እኔ ወንበር አላጣሁም» አለች ዶክተር ተረከዝ፣ እጇን በእናቷ ትከሻ ላይ አሳርፋ። «አንዷ የሞቀ አንሶላ ላይ አስቀመጠችኝ፣ አንዷ ለሞቀ ቤት አነሳችኝ። እህት ነው ያጣሁት፤ እሷንም በገዛ እጄ፣ አራት ወር ሙሉ። ይብቃኝ።»

ትኬት ቆራጯ ቀለም በነካ እጇ ፊቷን ስትጠርግ ጉንጯ ወይን ጠጅ ሆነ። ዶክተር ተረከዝ የሥራ ቀሚሷን ጫፍ በምራቋ አርሳ ጠረገችላት፤ ሌላዋም እንደ ሕፃን ፊቷን ሰጠቻት።

ባልደረባው ግድግዳውን ደበደበ። «አሥር ደቂቃ ብለሽ ሰው ሊበላኝ ነው!»

«መጣሁ!» አለች። ከዚያ ወደ እነሱ ዞራ፣ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የምወጣው። ትጠብቁኛላችሁ?»

«እንጠብቃለን» አሉ አሮጊቷ። እሳቸው ወንበሩን እንደያዙ ቀሩ። ትኬት ቆራጯ ከአንድ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ወደ መስኮቷ ተመለሰች፤ ዶክተር ተረከዝም ሌላ ሣጥን ስባ ከጎኗ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ተራ ያ የይቅርታ መስኮት ሲል የነበረው ሰውዬ ሆነ። አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ።

«ያቺ ደግሞ ማን ናት? በጓሮ መስተናገድ ተጀመረ?»

ማህተሟን ቀለም አስነካች፤ በትኬቱ ላይም ጠበቅ አድርጋ መታች።

«እህቴ ናት። አንተ ወዴት ነህ?»